ስለ ደጋው ድኩላ፤ ዘሩ፣ አካሉና ኑሮው



የዚህ ጽሑፍ መነሻ በሻይ ሰዓት የተነሣ ክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን የእንስሳት ጥናት መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያገላብጥ፣ ጆሮው ረዥም፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ የአሜሪካ አውሬ ፎቶግራፍ ወጣ። የኮምቦልቻው ልጅ «ይህማ አጋዘን ነው፤ እኛም አገር የጎፍ ላይ አለ» አለ። ከቦረና የመጣው ጓደኛችን «የጎፍ ላይ ያለው ድኩላ ነው እንጂ አጋዘን አይደለም» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው ደግሞ «ድኩላም በሉት አጋዘን፣ ሚዳቋም በሉት ዋላ፣ ነገሩ አንድ ነው፤ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው» ብሎ ፈረደ። በሻይ ተወራረድን፤ ዳኛ ግን አልተገኘም።

አምስታችንም ባዮሎጂ እንማራለን። የዚያን የአሜሪካ እንስሳ የላቲን ስም፣ የእርግዝናውን ወራትና የቀንዱን አበቃቀል ከመጽሐፉ አንብበን ልንናገር እንችላለን። ከከተማው ሆኖ በሚታየው ተራራ ላይ ስለሚኖረው እንስሳ ግን አንድ የተረጋገጠ ነገር የሚናገር ከመካከላችን ጠፋ። ይህ አሳፈረን። ስለዚህ ያነበብነውንና በእግራችን ሄደን ያየነውን አጠናቅረን ለአንባብያን እናቀርባለን። ፎቶግራፍ በዚህ መጽሔት ላይ ጥርት ብሎ ስለማይወጣ፣ መልኩን በቃላት ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካላልን በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በመጀመሪያ ስለ ስሙ

በፎቶግራፉ የታየው እንስሳ የሚኖረው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከካናዳ እስከ ሜክሲኮ ባለው ተራራማና ደረቅ አገር ነው። አሜሪካኖች በጆሮው ምክንያት በበቅሎ ስም ይጠሩታል። በ1817 ራፊኔስክ የተባለ ሊቅ ሄሚዮኑስ የሚል የሳይንስ ስም ሲሰጠው፣ የቃሉ ትርጉም በግሪክ ቋንቋ «ግማሽ አህያ» ማለትም በቅሎ ስለሆነ፣ ያንኑ የሕዝቡን ስም ማጽናቱ ነበር። ወሎ በቅሎን አሳምሮ የሚያውቅ አገር ነውና የጆሮውን ነገር ማስረዳት አያስፈልገንም። እኛም በዚህ ጽሑፍ «የበቅሎ ጆሮ» እንለዋለን። ትልቁ ወንድ ትከሻው እስከ 1 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ሲደነግጥ አራቱንም እግሩን ባንድ ጊዜ ከመሬት አንሥቶ፣ ባንድ ጊዜ እያሳረፈ እየነጠረ ይሸሻል።

ታዲያ ይህ እንስሳ አጋዘን ነውን? ባማርኛችን አጋዘን የሚባለው በትክክሉ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣው፣ በቆላው ቁጥቋጦ የሚኖረው ትልቅ እንስሳ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረውን ዘመዱንም የደጋ አጋዘን እንለዋለን። ይህ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም አይገኝም፤ የሳይንስ ስሙን ያገኘውም በ1910 ነው። ነገር ግን ተርጓሚዎች የፈረንጁን ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ ባገኙ ቁጥር አንዱ አጋዘን፣ ሌላው ዋላ እያለ ይጽፋል። ዋላ የሚለውን ስም ከመዝሙረ ዳዊት የምናውቀው ብዙዎች ነን፤ «ይህ ነው ዋላ» ብሎ በጣቱ የሚያሳየን ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም። አንዱ ስም ለሦስት እንስሳ፣ አንዱም እንስሳ በሦስት ስም ሲጠራ፣ የሻይ ሰዓቱ ክርክር ማለቂያ ያጣው በከንቱ አልነበረም።

ቁርጡ ነገር ይህ ነው። በኢትዮጵያ ዱር ውስጥ የበቅሎ ጆሮው ወገን የሆነ አንድም እንስሳ የለም። በመላው አፍሪቃ እንኳ ከዚያ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ አገሩም ከሰሐራ በስተሰሜን፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ነው። ወገኑ በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲሰፋፋ፣ ከሰሐራ ወዲህ ወዳለው አፍሪቃ ግን አልዘለቀም። በዚህ በእኛ በኩል ጫካውንና ቁጥቋጦውን ይዘው የሚኖሩት የበሬ፣ የበግና የፍየል ዘመዶች ናቸው። ድኩላም ከነዚህ አንዱ ነው።

2. የሁለቱ ወገኖች ልዩነት

ሁለቱን ወገኖች የሚለያቸው ዋናው ምልክት ቀንድ ነው።

የበቅሎ ጆሮው ቀንድ ድፍን አጥንት ነው። በየዓመቱ ብርዱ ካለፈ በኋላ ከራስ ቅሉ ላይ ይበቅላል። በሚያድግበት ጊዜ ደም ሥር የሞላበት ለስላሳ ጠጕራም ቆዳ ይሸፍነዋል። እድገቱ ሲያበቃ ቆዳው ይደርቅና እንስሳው ከዛፍ ጋር እያሻሸ ይገፈዋል። ቀንዱ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ወንዶቹ ስለ እንስቶች የሚታገሉበት ወራት ካለፈ በኋላ፣ ያ ሁሉ ቀንድ ከሥሩ ይረግፍና በዓመቱ ሌላ ይተካል። እንስቷ ቀንድ የላትም።

የድኩላ ቀንድ ግን ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ከራስ ቅሉ የወጣ አጥንት ሲሆን፣ ላዩ እንደ ጥፍራችን ካለ ነገር የተሠራ ሰገባ ነው። አይረግፍም፤ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ከተሰበረም አዲስ አይተካም። ይህን ለማስረዳት የቀንድ ዋንጫ ይበቃናል። ከበሬ ቀንድ ዋንጫ የሚሠራው ሰገባው ከአጥንቱ ተላቆ ሲወጣ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን ነው። ከበቅሎ ጆሮው ቀንድ የቢላዋ እጀታ ይወጣው ይሆናል እንጂ ዋንጫ ከቶ አይወጣውም። ለፈተና የሚያጠና ጓደኛችን «ዋንጫ የሚወጣው ቀንድ የበሬ ወገን ነው፤ የማይወጣው የበቅሎ ጆሮው ወገን ነው» ብሎ ቢይዝ አይሳሳትም።

ሁለተኛው ምልክት ሐሞት ነው። ባማርኛ «ሐሞት የለውም» ሲባል ፈሪ ነው ማለት ነው። የበቅሎ ጆሮውና ወገኖቹ በእርግጥም የሐሞት ከረጢት የላቸውም። ድኩላ ግን አለው። ድኩላ እንደ ስሙ ዐይነ አፋር ቢሆንም፣ ወንዱ ቆስሎ ወይም በውሾች ተከብቦ መውጫ ሲያጣ በቀንዱ የሚወጋ ኃይለኛ እንደሚሆን አዳኞች ይመሰክራሉ። ሐሞቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ውጭ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሰኮናቸው ለሁለት የተከፈለ፣ የሚያመሰኩ፣ ሆዳቸው አራት ክፍል ያለው እንስሳት ናቸው። ከሆዱ ክፍሎች ጨጓራንና ሽንፍላን እናቶቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቋቸዋል። ሁለቱም በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ በዚያ ቦታ ያለው ጠንካራ ድድ ነው። የጥርሳቸው ቁጥርም ለሁለቱም 32 ነው። በሁለት የተለያዩ የዓለም ክፍሎች፣ ቅጠል እየቀነጠበ በጫካ ዳር ለሚኖር እንስሳ ተፈጥሮ የሰጠችው መልስ ተቀራራቢ ሆነ ማለት ነው። በፎቶግራፉ የተሳሳትነውም ስለዚህ ነው።

3. ስለ ዘሩ

ፓላስ የተባለው ሊቅ በ1766 ለድኩላ የሰጠው ሁለተኛ ስም ስክሪፕቱስ የሚል ነው፤ ትርጉሙም «የተጻፈ» ማለት ነው። በምዕራብ አፍሪቃ ያለው ድኩላ በቀይ ገላው ላይ ነጫጭ መሥመሮችና ነጠብጣቦች ስላሉበት፣ በብራና ላይ የተጻፈ ይመስላል። የወገኑ ስም ትራጌላፉስ ሲሆን፣ ፍየልና ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱን እንስሳ የሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት ተጋጥመው የተፈጠረ ነው። እንግዲህ በስም የተደናገርነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ይህን ወገን ሲሰይሙ ግማሹን ፍየል፣ ግማሹን የሰሜን አውሬ አድርገውታል።

የእኛ ደጋ ድኩላ የዳግማዊ ምኒልክን ስም ይዟል። ኦስካር ኖይማን የተባለ የጀርመን ተመራማሪ በ1900 እና በ1901 በኢትዮጵያ ከተዘዋወረ በኋላ፣ በ1902 «ሜኔሊኪ» ብሎ ሰየመው። ጊዜው ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ላይ የነበሩበት ነው። ይህ ድኩላ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ከሌሎቹ የአፍሪቃ ድኩላዎች ጋር ባንድ ዝርያ ሥር ያለ ንኡስ ዝርያ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ይላሉ። ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ሁላችንንም ያስገረመን ግን ዝምድናው ነው። ድኩላ በመልኩ ፍየል ቢመስልም፣ ለፍየል ሳይሆን ለበሬ ይቀርባል። ሊቃውንት ድኩላን፣ አጋዘንንና የደጋ አጋዘንን ከከብትና ከጎሽ ጋር ባንድ ንኡስ ቤተሰብ ያስቀምጧቸዋል። ሚዳቋና ሰስ በሌላ በኩል ናቸው። ከዚህ የተነሣ በአንድ ኮረብታ ላይ ድኩላ፣ ሚዳቋና በሬ ቢታዩ፣ ተራ ተመልካች ድኩላንና ሚዳቋን ወንድማማች አድርጎ በሬውን ባዕድ ያደርገዋል። በዘር ቈጠራው ግን ወንድማማቾቹ ድኩላና በሬ ሲሆኑ፣ ባዕዱ ሚዳቋ ነው።

4. የጎፍ ላይ የሆነው

መጻሕፍቱን ከጨረስን በኋላ ተራራውን ለመጠየቅ ወሰንን። የጎፍ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚገኝ በደን የተሸፈነ ተራራ ነው። የሁለቱ ከተሞች የመንገድ ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የከፍታቸው ልዩነት ግን ከ500 ሜትር በላይ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው የአየሩን ለውጥ በቆዳው ያውቀዋል። የደሴዎቹ ዓርብ ማታ ወርደው ኮምቦልቻ አደሩ፤ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ሽቅብ ጀመርን። በታችኛው በኩል ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ተተክሏል፤ ከፍ ሲባል የአገራችን ጥድና ወይራ ይታያል።

ጭጋጉ ገና ሳይነሣ ከበላያችን ካለው ጥሻ አንድ ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጐላ ብሎ፣ «ው!» አለ። ውሻ ነው ብለን ድንጋይ አነሣን። መንገዱን የሚያሳዩን ሽማግሌ ሳቁ። «ልጆቼ አብሽሩ፤ ውሻ አይደለም፣ ድኩላ ነው። እናንተ ሳታዩት እሱ አይቷችኋል» አሉን። ድኩላ እንደ ውሻ እንደሚጮኽ በመጽሐፍ አንብበን ነበር፤ ያነበብነው ግን በጆሯችን ሲደርስ ድንጋይ አስነሣን እንጂ ትዝ አላለንም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው መምህር፣ እኛ ተማሪዎች ሆንን። በእርጥቡ መሬት ላይ ጠበብ ያለና ጫፉ ሹል የሆነ ለሁለት የተከፈለ የሰኮና ምልክት አሳዩን። የተቀነጠበውን ቅጠልና የፍግ ጠጠሮቹን አሳዩን። ከአንድ ሰዓት ፀጥታ በኋላ ቀይ ዳማ የሆነች እንስት ከጥሻው ዳር ብቅ አለች። አየናት ለማለት እንኳ አልበቃንም፤ ጅራቷን ሰቅላ ከበታቹ ያለውን ነጭ አሳየችንና ጠፋች። ሽማግሌውም «በፊት ጎሕ ሲቀድ እስከ እርሻው ዳር ይወርዱ ነበር። አሁን ይህችን ያህል ለማየትም ዕድል ይጠይቃል» አሉ። ከተራራው ስንወርድ ከድኩላዋ ይልቅ የተነጋገርነው ስለዚህ ቃል ነበር።

5. ስለ አካሉ

ድኩላ መካከለኛ ቁመት ያለው እንስሳ ነው። በጠቅላላው የድኩላ ወንድ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሲመዝን፣ ትከሻው ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። እንስቷ ከዚህ ታንሳለች። ጀርባው ጐበጥ ያለ፣ የኋላ እግሩ ከፊተኛው ከፍ ያለ ነው። ይህ አቋም በሜዳ ለሚሮጥ አይመችም፤ በጥሻ ውስጥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሚሾልክ ግን የተመቸ ነው።

የወንዱና የእንስቷ መልክ እጅግ ይለያያል። የደጋው ወንድ ጥቁር ቡናማ ነው፤ እያረጀ ሲሄድ ወደ ፍጹም ጥቁረት ይቀርባል። በጀርባው ላይ የቆመ የጠጕር መሥመር አለው። እንስቷና ግልገሉ ቀይ ዳማ ናቸው። በጕሮሮ፣ በአንገት ሥርና በእግር ላይ ነጫጭ ምልክቶች ይታያሉ፤ በጭን ላይም ጥቂት ነጠብጣብ ይኖራል። ነገር ግን በምዕራብ አፍሪቃው ዘመዱ ላይ ጐልቶ የሚታየው «ጽሕፈት» በደጋው ወንድ ላይ ደብዝዟል። ጠጕሩም ረዘም ያለና የተደራረበ ነው፤ ለደጋው ውርጭ ጋቢው ነው ማለት ይቻላል።

ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ቀንዱ አንድ ዙር ያህል ተጠማዞ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሲሆን፣ ርዝመቱ እስከ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የቀንዱ አወጣጥ ከጫካ ኑሮው ጋር ይስማማል፤ ወደ ጐን ስላልተንሰራፋ በሐረግና በቅርንጫፍ አይያዝም።

ከሚዳቋና ከሰስ ጋር ላለማምታታት የሚከተለውን እናስታውስ። ሚዳቋ ከድኩላ በጣም ታንሳለች፤ የወንዱ ቀንድ አጭር፣ ቀጥ ያለና ያልተጠማዘዘ ነው። ሰስ የገደል እንስሳ ነው። በሰኮናው ጫፍ ቆሞ በአለት ላይ ይዘላል፤ ጠጕሩም ሸካራና በቀላሉ የሚሰበር ነው። እንግዲህ በገደል ላይ ቆሞ የታየ እንደሆነ ሰስ፣ ቀጥ ያለ አጭር ቀንድ ያለው ትንሽ እንደሆነ ሚዳቋ፣ በጥሻ ዳር የቆመ ጥቁርና ቀንዱ የተጠማዘዘ እንደሆነ ድኩላ ነው።

6. ስለ ኑሮው

ድኩላ ብቸኛ ነው። መንጋ አይሠራም። እናትና ግልገል ወይም በተራክቦ ጊዜ ወንድና እንስት አብረው ይታዩ ይሆናል እንጂ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይውላል። ሆኖም ድንበር ለይቶ ጎረቤቱን አያባርርም፤ የአንዱ መዋያ ከሌላው መዋያ ጋር ይደራረባል። በዚህ ከበቅሎ ጆሮው ይለያል። የበቅሎ ጆሮው በብርድ ወራት በመንጋ ይሰበሰባል፤ በብዙ ቦታም በበጋ ወደ ከፍታው ወጥቶ በብርድ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ድኩላ ግን ባለበት ይጸናል። ይህ ጽናቱ መልካም ባሕርይ ቢመስልም አደጋ እንዳለበት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚበላው በይበልጥ ለጋ ቅጠል፣ ቀንበጥ፣ አበባና ፍሬ ነው፤ ጥቂት ለጋ ሣርም ይጨምራል። ዝንጀሮና ጦጣ ከዛፍ ላይ የሚጥሉትን ፍሬ ተከትሎ እንደሚለቅም ታይቷል። ከጫካ የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ፣ እንዲሁም ሌሊት ነው። ቀን በጥሻ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። ሰው በሚበዛበት አካባቢ ወደ ሌሊቱ ይበልጥ ያደላል።

እርግዝናው 6 ወር ያህል ነው። የበቅሎ ጆሮዋ 200 ቀን ያህል አርግዛ ብዙ ጊዜ መንታ ስትወልድ፣ ድኩላ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ግልገሏን በጥሻ ውስጥ ደብቃ ትሄድና እየተመላለሰች ታጠባለች። ሽታው ጠላት እንዳይጠራ ፍጉን ትበላለች። ግልገሉ ከእናቱ ጋር በግልጽ መሄድ የሚጀምረው ወደ 4 ወር ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ መከላከያው አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው። እረኛ እንዲህ ያለ ግልገል ተኝቶ ቢያገኝ «እናቱ ጥላው ሄደች» ብሎ ይዞት ሊመጣ አይገባውም፤ አልጣለችውምና።

ዋናው ጠላቱ ነብር ነው። ጅብም ያድነዋል። ያ የሰማነው ጩኸት ለዘመዶቹ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ አድፍጦ ለሚመጣው ነብርም «አይቼሃለሁ፤ አትልፋ» እንደ ማለት ነው። ነብር ያለ ድንገተኛነት ስለማይሳካለት፣ ከታወቀበት ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። ነብር በጫካ ውስጥ ድኩላ ሲያጣ ደግሞ ወደ ፍየል በረት ያያል። ስለዚህ የድኩላ መኖር ከገበሬው ጥቅም ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ አይደለም።

7. የሚያሰጋው ነገር

በዓለም ላይ ድኩላ በጠቅላላው በቁጥር ብዙ ከሆኑት የአፍሪቃ እንስሳት አንዱ ነው። ስለዚህ «ድኩላ አይጠፋም» የሚል ሰው ቢነሣ አይገርመንም። ነገር ግን እኛ የምንናገረው ስለ አፍሪቃ ድኩላ ሳይሆን በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ስለሚገኘው፣ ከዚያም ይልቅ በየጎፍ ስላለው ነው።

የወሎ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የታረሰ ነው። ደኑ በተራራ ራስ፣ በገደል ዳርና በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ እንደ ደሴት ተበታትኖ ቀርቷል። ድኩላ ባለበት የሚጸና እንስሳ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ለመድረስ እርሻን፣ መንደርን፣ አስፋልትንና ውሾችን ማለፍ አለበት። ይህን ሊያደርግ ካልቻለ፣ በደሴቱ ላይ ያሉት ጥቂቶች እርስ በርሳቸው ብቻ ይዋለዳሉ፤ ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድም ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ አንድ በሽታ ወይም አንድ የድርቅ ዓመት ቢመጣ፣ የጠፋውን የሚተካ ከውጭ አይገባም። ደኑ ቆሞ እንስሳው ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ዐይነት ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ተራራው እንደ ወትሮው አረንጓዴ ነው።

ማገዶም አለ። ደሴና ኮምቦልቻ እያደጉ የሚሄዱ ከተሞች ናቸው፤ የምንበላው እንጀራ በምን እንደሚጋገር ሁላችንም እናውቃለን። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሰው ራሱን ለማዳን ሲጨነቅ ስለ ዱር አራዊት የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም። በዚህ ማንንም አንወቅስም። እንጨት ተሸክማ ሐረጎን የምትወጣ እናት ደንን የምትጠላ አይደለችም፤ ሌላ የላትም። ለእሷ ሌላ ማገዶ ሳይገኝ ስለ ድኩላ መስበክ ሥራ ፈትነት እንደሚሆን ተማምነን፣ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰብ የተማረ ሰው ግዴታ ነው እንላለን።

ተስፋም አለ። በደቡብ ወሎ ከጭላዳውና ከቀይ ቀበሮው ጋር የደጋው ድኩላ የሚኖርበት የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተጠብቋል። በዚያም ስለ ድኩላው ብዛት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት ታትሟል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደንን ይከለክላል። ስለዚህ ሕግም ምሳሌም አለን። የጎደለን በአጠገባችን ያለውን ማወቅ ነው።

8. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መሣሪያ የለን፣ ገንዘብ የለን፣ ምን እናደርጋለን?» ይላሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ማልዶ መነሣት ነው።

አንደኛ፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንዱ መንገድ፣ ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ መሄድ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የታየውን ምልክት (ኮቴ፣ ፍግ፣ ጩኸት ወይም እንስሳው ራሱ)፣ ከታየም ወንድ ወይም እንስት መሆኑን መመዝገብ ነው። ምንም ያልታየበት ቀን ቢሆንም «ምንም አልታየም» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ራሱ እውቀት ነው። ባንድ ዓመት 12 መሥመር ብቻ ቢሆን፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ሽማግሌው የነገሩን ነገር እውነት መሆኑን በቁጥር ሊመረምር ይችላል። ዛሬ እኛ ይህን ልናደርግ ያልቻልነው ከ10 ዓመት በፊት የጻፈልን ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛ፤ በዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ስሞችን እንሰብስብ። በአምባሰል፣ በተሁለደሬ፣ በቃሉ፣ በወረኢሉ እረኛው ድኩላን ምን ይለዋል? ወንዱንና እንስቷን በልዩ ስም ይጠራልን? እነዚህ ስሞች ከሽማግሌዎቹ ጋር እያለፉ ናቸው። መጽሐፍ ተርጓሚው አጋዘንን በዋላ ቦታ፣ ዋላን በአጋዘን ቦታ የሚጥለው የሰው ስንፍና ሆኖ ሳይሆን፣ የተመዘገበ ነገር ስላላገኘ ነው። መዝጋቢዎቹ እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

ሦስተኛ፤ ስናስተምር ከቅርቡ እንጀምር። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን ይሆናሉ። ለኮምቦልቻ ልጅ ስለ ቀንድ አበቃቀል ሲያስረዱ የአሜሪካውን እንስሳ ማሳየት አይከፋም፤ እኛም ያለ እሱ ይህን ሁሉ ባልመረመርን ነበር። ነገር ግን ልጁ መጀመሪያ ከተራራው ላይ የሚጮኸውን ይወቅ። ከዚያ በኋላ የሩቁን ሲያይ ከምን ጋር እንደሚያወዳድረው ያውቃል።

ውርርዱን በሚመለከት፣ ከብዙ ክርክር በኋላ የደረስንበት ውሳኔ የሚከተለው ነው። የኮምቦልቻው ልጅ በየጎፍ እንስሳ አለ በማለቱ ልክ ሲሆን፣ በስሙ ተሳስቷል። ሁሉም አንድ ነው ያለው ጓደኛችን በሁሉም ተሳስቷል። የቦረናው ልጅ እንስሳውን በስሙ ጠርቶታል፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን ጩኸቱን ሲሰማ ከሁላችን ቀድሞ ድንጋይ ያነሣ ስለነበረ ሻዩ አይገባውም ተብሎ ተፈረደበት። ስለዚህ በሚመጣው ወር ቅዳሜ እንደገና ስንወጣ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ይዘን ለሽማግሌው እናቀርባለን። አብሮን መውጣት የሚፈልግ ጓደኛ ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ ድንጋይ ግን አያንሣ።